የሮኬት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሁለት ሳሙናና ክር

ዘንድሮ ከአንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችንን ሚሳይል ነው እንዴ የምታስተምሯቸው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶናል። መልስ ይገባዋል። የጠጣር ነዳጅ ሞተር ሚሳይልንም ያስነሣል፣ የላይኛውን አየር የሚያጠና ሮኬትንም ያስነሣል። ናይክ አጃክስ የተባለውን ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ያስወነጭፍ የነበረው ሞተር፣ ኋላ የናይክ አፓቺ የምርምር ሮኬት የመጀመሪያ ደረጃ ሆኗል። ኖቬምበር 21 ቀን 1963 እ.ኤ.አ. ከሕንድ ቱምባ ተተኩሶ የሶዲየም ትነት ሰማይ ላይ የለቀቀውም ይኸው ሮኬት ነው። ልጆቻችን የሚማሩት ይህን ሳይንስ ነው። ነዳጅ ግን በእጃችን አልያዝንም፣ አንይዝምም፤ ኦክሲጅኑን ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚነድ አንዴ ከተቀጣጠለ አፍኖ ማጥፋት አይቻልም።

ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ነበሩ፤ ኮሚቴ መረጥን፣ ፖስተር ለጠፍን። እኔ የማልረሳው ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ለክበቡ ጥያቄ ሰጥቼ ነበር። የጠጣር ነዳጅ መሃሉ ክፍት ይደረግና እሳቱ ከቀዳዳው ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ውጭ እየበላ ይሄዳል። ቀዳዳው ክብ ከሆነ እየሰፋ ሲሄድ የሚነደው ገጽ ይጨምራል፤ ገፊው ኃይልም አብሮ ያድጋል። ታዲያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል እንዲገፋ ምን ይደረግ?

ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በማግስቱ ሁለት የልብስ ሳሙና ይዛ መጣች። አንዱን በክብ፣ አንዱን በኮከብ ቅርጽ ፈልፍላዋለች። በማንኪያ ጫፍ ዙሪያውን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ትፍቃለች፤ የሚነደውን ገጽ ለመለካት በቀዳዳው ዳር ክር ታስኬዳለች፤ ክሩን ቆርጣ ደብተሯ ላይ ትለጥፋለች። እንደገና ትፍቃለች። የክቡ ክሮች እየረዘሙ ሄዱ። በኮከቡ ግን ወደ መሃል የገቡት ሹሎች እየተበሉ ሲያጥሩ ውጩ ይሰፋል፤ አንዱ የቀነሰውን ሌላው ይተካል። ክሮቹ ጎን ለጎን ሲታዩ እኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸውም። «ቲቸር፣ ኮከቡ አልጨመረም!» አለች፤ ክፍሉ በሙሉ ሰማት። የሞተር መሐንዲሶች ኮከብ ቅርጽን የሚመርጡበትን ምክንያት በሳሙና ደረሰችበት።

በወላጆች ቀን፣ በጠርሙስ ውስጥ በታመቀ አየርና በውኃ የሚነሣው የውኃ ሮኬታችን አልተነሣም። የጠርሙሱ ማሸጊያ ጎማ ያረጀ ስለነበር አየሩ ሾልኮ ወጣ። ልጆቹ ሲያለቅሱ ስለ አሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ስለ ቻሌንጀር ነገርኳቸው፤ ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. በብርድ የደረቀ የጎማ ቀለበት የጠጣር ነዳጅ ሞተሩን ጋዝ አሳልፎ፣ መንኮራኩሩ በተነሣ በ73 ሰከንድ ሰባት ሰዎችን ይዞ ጠፋ። ጎማ ትንሽ ነገር አይደለም። አዲስ ጎማ ግን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀን አላገኘንም፤ ለስፖርት ኳስ በተገኘበት ዓመት ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ለመጪው ዓመት የምንለምነው ጎማ፣ የእጅ ፓምፕና ገፊ ኃይል የምንለካበት ባለ ሞላ ሚዛን ብቻ ነው። ሳሙናዎቹና ደብተሩ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ ከምሳ በኋላ እከፍታለሁ።