ለደንበኞቻችን፦ የኒውዮርክ ጫጉላችሁን ከፈረንጅ ገና ወደ እኛ ገና ስለ ማሻገር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከሌበር ደይ ወዲህ ቢሯችን የሚደወለው ስልክ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ሠርጉ አልቋል፤ መልሱም ቅልቅሉም አልፏል። የዓመት ፈቃዱ በድግሱ ሽርጉድ ተሸራርፎ የተረፈችው አምስት ቀን ለዲሴምበር ተቀምጣለች። የጫጉላ ሽርሽሩም ኒውዮርክ ነው። ከዚያ ዋጋውን ስንነግራችሁ መስመሩ ላይ ዝም ትላላችሁ። ይቺን ደብዳቤ የጻፍነው ስለዚያ ዝምታ ነው።

ዋጋውን የምንቆልለው እኛ አይደለንም። ከታንክስጊቪንግ (ዘንድሮ ኖቬምበር 27 ነው) እስከ ጃንዋሪ 1 የማንሃተን ሆቴሎች በዓመቱ እጅግ የሚወደዱበት ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ሦስትና አራት ሌሊት ካልያዛችሁ ክፍል አይሰጡም። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ደግሞ ተመልሶ የዓመቱ ርካሽ ወቅት ይሆናል። አልጋው ያው፣ መስኮቱም ያው ነው። በዚያ ላይ ታክሱ አለ፦ በመቶ 14.75፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት ደግሞ 3 ዶላር ከ50። ስልካችሁ ላይ 400 ዶላር ያያችሁት ክፍል ስትከፍሉ 462 ከ50 ነው። ሆቴሎች «የአገልግሎት» እያሉ የሚጨምሩትን ግዴታ ክፍያ ከ2025 ሜይ ወዲህ ከመጀመሪያው በሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲያስገቡ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳቸዋል። ታክሱ ግን አሁንም በኋላ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ እኛ የምንነግራችሁን ዋጋ ድረ ገጽ ላይ ካያችሁት ጋር ስታወዳድሩ ይቺን አትርሱ።

«ታዲያ አፓርትመንት ብንከራይስ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ከ2023 ሴፕቴምበር ጀምሮ የኒውዮርክ ከተማ ከ30 ቀን በታች ለሚቆይ እንግዳ ቤት ማከራየትን አጥብቃለች። አከራዩ መመዝገብ አለበት፤ ከሁለት እንግዳ በላይ አይቀበልም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናንተ ባላችሁበት ጊዜ እሱም እዚያው ቤት መኖር አለበት። ድሮ ከጫጉላው ቤት ደጅ ሚዜ አይርቅም ነበር ይባላል፤ የማታውቁት የቤት ባለቤት ግን ሚዜ አይሆንም። ሙሉ ቤት ለብቻችሁ እንሰጣለን የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ከመክፈላችሁ በፊት ለእኛ ላኩልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዘንድሮ ለምትጠይቁን ሁሉ የምንመክረው ከጃንዋሪ 4 በኋላ እንድትሄዱ ነው። የእኛ ገና ረቡዕ ጃንዋሪ 7 ይውላል። ሮክፌለር ሴንተር ያለው ትልቁ የገና ዛፍ፣ ከ1933 ጀምሮ ሥርዓት ተደርጎለት የሚበራው፣ ባለፉት ዓመታት እስከ ጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ድረስ ቆሞ ነው የሰነበተው። ዲሴምበር 20 ላይ ፎቶ ለመነሳት በትከሻ የሚገፋፋው ሕዝብ በዚያን ጊዜ ወደየአገሩ ተመልሷል። የብራያንት ፓርክ የበረዶ መንሸራተቻም እስከ ማርች አካባቢ ይሠራል። ጾመ ነቢያትን ለምትጾሙት ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ጾሙ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ያም ማለት የፈረንጆቹ በዓል በሙሉ ጾም ላይ ይወድቃል። ጾምና ጫጉላ እንዴት እንደሚገጥሙ እናንተው ታውቃላችሁ። ስለ ምግቡ ብቻ እንናገር ካላችሁ፣ ለአንድ እራት ያን ሁሉ ዶላር ከፍሎ ሰላጣ መብላት ያሳዝናል።

በጃንዋሪ ስትሄዱ የሚያመልጣችሁ ነገር አለ፤ አንደብቅም። ዩኒየን ስኩዌር ያለው የገና ገበያ ዲሴምበር 24 ይዘጋል። የሬዲዮ ሲቲ የገና ትርኢት በጃንዋሪ መጀመሪያ ያልቃል፤ የፊፍዝ አቬኑ ሱቆች መስኮትም ጌጡን ያወርዳል። ብሩክሊን ዳይከር ሃይትስ ውስጥ ሰዎች ቤታቸውን በመብራት የሚያንቆጠቁጡትም ከአዲስ ዓመት ብዙም አይሻገርም። ልባችሁ ያለው እዚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም ፈቃዳችሁ ዲሴምበር 31 የሚቃጠል ከሆነ፣ በዲሴምበር የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ያሉትን ሌሊቶች ያዙ። ዓርብና ቅዳሜን ሽሹ።

የማንስማማው በአንድ ነገር ነው፦ ዲሴምበር 31 ታይምስ ስኩዌር አጠገብ ማደር። ባለፈው ዓመት አንድ ሙሽራና ሙሽሪት እዚያው ሰፈር አስያዝንላቸው፤ ስህተቱ የእኛ ነው። መንገዱ ከሰዓት በፊት በፖሊስ ተዘግቶ ታክሲው ሩቅ አወረዳቸው። ሻንጣ እየጎተቱ በየኬላው የሆቴል ማስረጃ እያሳዩ ገቡ። ሙሽሪት በዚያ ብርድ ተረከዝ ጫማ ነበር ያደረገችው፤ እስካሁን ባገኘናት ቁጥር እናፍራለን። አዲሱ ዓመት ሲገባ እኩለ ሌሊት ላይ ከሕንፃ አናት የምትወርደውን የመብራት ኳስ ለማየት አደባባዩ ላይ መቆም የሚፈልግ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ከቀትር ጀምሮ አጥር ውስጥ ይቆማል፣ መጸዳጃ ቤት የለም፣ መጠጥና ትልቅ ቦርሳ አይፈቀድም፣ አንዴ ከወጣ ወደ ቦታው አይመለስም። ከ1907 ጀምሮ የምትወርድ ኳስ ናት፤ ቴሌቪዥን ላይም ታምራለች።

መጓጓዣውን በተመለከተ፣ መኪናችሁን እዚሁ ተዉት። ከ2025 ጃንዋሪ ወዲህ ከ60ኛ ጎዳና በታች ወደ ማንሃተን የሚገባ የቤት መኪና ቀን ቀን 9 ዶላር ይከፍላል፤ ፓርኪንጉ ከዚያ ይብሳል። ዋሽንግተን ዲሲ ካለው ዩኒየን ስቴሽን የሚነሳው ባቡር በሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ማንሃተን ፔን ስቴሽን ያደርሳችኋል። ቲኬቱ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ስለሚወደድ አሁን ይገዛ። እዚያ ከደረሳችሁ የባንክ ካርዳችሁን ነካ አድርጋችሁ ሳብዌይ ትሳፈራላችሁ። የነጻነት ሐውልትን ከውኃ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ የስታተን አይላንድ ጀልባ በነጻ ነው። ፀሐይ ከአራት ሰዓት ተኩል ብዙም ሳትርቅ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ስለምትጠልቅ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ውጡ።

ትንሽ መዘግየት የምትችሉ ካላችሁ፣ ጥምቀት ዘንድሮ ሰኞ ጃንዋሪ 19 ነው፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀንም ያው ሰኞ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ሥራ የላችሁም። ታቦቱን አጅባችሁ ማክሰኞ ብትነሱ፣ የብሮድዌይ ቲያትሮች በአንድ ቲኬት ዋጋ ሁለት ሰው የሚያስገቡበት ሰሞን ከጃንዋሪ አጋማሽ በኋላ ስለሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ስለ ክፍያ፦ የጃንዋሪ ጉዞ ላይ የምንቀበለው ቀብድ ብቻ ነው፤ የሚሰረዝ ክፍል መርጠን ስለምንይዝ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ይመለስላችኋል። ለዲሴምበር መጨረሻ ግን ሆቴሎቹ ሙሉውን አስቀድመው ይወስዳሉ፣ አይመልሱም፤ እኛም ልንመልስ አንችልም። ይህን ፈርማችሁ ነው የምንይዝላችሁ። ቪዛና ፓስፖርት የሚያሳስበው ዘመድ ከአገር ቤት የሚመጣላችሁ ካለ ለብቻው ደውሉልን፤ የእሱ ነገር በዚህ ደብዳቤ አያልቅም።

ምርጫችሁን እስከ ኖቬምበር 15 ብታሳውቁን ሁሉንም እናደርሳለን። የገና ዕለት ቢሯችን ዝግ ነው። ኒውዮርክ ላላችሁት ግን ስልካችን ክፍት ነው፤ ቶሎ ካላነሳን እጃችን ዶሮ ወጥ ላይ ነውና ትንሽ ታገሡን።

በአክብሮት፣
የጉዞ ቢሯችሁ