ከላይ የሚሾልከውን ማን ይመርምረው? ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ፍትሕ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ክስ ሳይመሠረት አደባባይ ስለሚወጡ የምርመራ ሰነዶችና ስለ ባለሥልጣናት ክስ አጀማመርና አቋራረጥ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከሀዋሳ ነው። ከተማችን ለረጅም ዓመታት የደቡብ ክልል፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል መቀመጫ በመሆኗ፣ ሹም ሲሾምም ሲሻርም በቅርብ ታያለች። እዚህ ያለ ሰው የአንድ ኃላፊ ስም ከነሰነዱ በማኅበራዊ ሚዲያ መዞር ሲጀምር «ምን አጠፋ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ከማን ጋር ተጣላ?» ነው የሚለው። ጥያቄውን ሐሜት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ሕዝቡ እንዲህ ብሎ መጠየቅን የተማረው ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከተደጋገመ የመንግሥት አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ፤ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

ለሌባ ጥብቅና ለመቆም እንዳልተነሣሁ አስቀድሜ ልናገር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ በሚተረትበት አገር ባለሥልጣን በሙስና ተከስሶ ፍርድ ቤት መቆሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ጥፋቱ በማስረጃ ከተረጋገጠም ይፈረድበት። ያሳሰበኝ የክሱ ጊዜና ክሱ ለሕዝብ የሚደርስበት መንገድ ነው።

የቅርብ ታሪካችንን ተመልከቱ። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ በ1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሥተው ታሰሩ፤ በኋላም 18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ በተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በወራት ውስጥ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ ቢያዙም፣ ተጠርጣሪው ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ እንደገና ተያዙ፤ ሳይውል ሳያድርም በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ በምክር ቤቱ ጸደቀ። አቶ ስዬ እስከ 1999 ዓ.ም. ታስረው ቆዩ። በሙስናው ጉዳይ ላይ ፍርድ ቤት የወሰነውን እዚህ አልከራከርበትም። ነገር ግን በዚያ መጋቢት የተሸነፈው ሌላው ወገን ቢሆን ኖሮ የማን መዝገብ ይከፈት እንደነበር ለመገመት ሕግ መማር አያስፈልግም፤ መዝገቡን የከፈተው የፓርቲው መሰንጠቅ ነውና።

በግንቦት 2005 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ ታሰሩ። በሚኒስትር ማዕረግ በመሾማቸው የትኛው ፍርድ ቤት ይያቸው የሚለው ክርክር እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ በ2010 ዓ.ም. የፖለቲካው አየር ሲለወጥ ደግሞ ክሳቸው ተቋረጠ። የክሱ መቋረጥ ትክክል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ዓመታት የፈጀ ክስ ሲቋረጥ ሰውየው ንጹሕ ነበሩ ወይስ ጥፋተኛ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፤ ተከሳሹም ስማቸውን በፍርድ አላስመለሱም፣ ሕዝቡም ጠፋ የተባለው ገንዘብ የት እንደደረሰ አላወቀም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። የመንግሥት ድርጅት የሆነው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ከኃላፊነት በለቀቁ በወራት ውስጥ ሲያዙ፣ እጃቸው በካቴና ታስሮ ከሄሊኮፕተር ሲወርዱ በመንግሥት ቴሌቪዥን ታዩ። ያለ ጨረታ ተፈጸመ የተባለው የ37 ቢሊዮን ብር ግዥም ክስ ሳይመሠረት በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መግለጫ በመላ አገሪቱ ተሰማ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያን ምሽት ቴሌቪዥን የተመለከተ ስንት ሰው ይህን አንቀጽ አስታውሶ ይሆን? በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ የመጀመሪያውን ምሳር የሚያቀብለው የመንግሥት እጅ ሲሆን ግን ነገሩ ይከፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ክስ ከመመሥረቱ በፊት የምርመራ መዝገብ የሚገኘው በመርማሪው፣ በዐቃቤ ሕጉና በሁለቱ አለቆች እጅ ነው። የተጠርጣሪ ቃል፣ የባንክ ሒሳብ ዝርዝር ወይም በብርበራ የተያዘ ዕቃ ፎቶግራፍ «ከታማኝ ምንጮች ያገኘነው» ተብሎ ሲሠራጭ፣ አሳልፎ የሰጠውን ሰው ለማወቅ መጠየቅ ያለባቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። (እነዚህ «ታማኝ ምንጮች» የሚታመኑት ለማን እንደሆነ ቢነገረን ደግሞ የተሻለ ነበር።) በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሥራ ምሥጢር የሚያወጣን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል። ሆኖም ይህ ድንጋጌ የወደቀን ባለሥልጣን መዝገብ ለጋዜጠኛ ባቀበለ ኃላፊ ላይ ሲሠራበት አልሰማሁም። በየመሥሪያ ቤቱ ያለ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ግን የአለቃውን ምዝበራ የሚያሳይ ወረቀት ቢያወጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ወረቀቱን ማን አወጣው?» ተብሎ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፣ ከደረሰም። የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው እንዲህ ያለውን ሰው ለመጠበቅ ነበር። ከታች የሚወጣው መረጃ ያስቀጣል፣ ከላይ የሚሾልከው ግን ያሾማል ብሎ ሠራተኛው ሁሉ ካመነ አዋጁ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በሕግ ክፍት የተደረገ መረጃ እንደዚህ እንደማይገኝም ልብ ይሏል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ የባለሥልጣናት የተመዘገበ ሀብት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ቢደነግግም፣ ስለ አንድ ሹም ቤትና መኪና የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከወደቀ በኋላ ነው። መዝገቡ ሹሙ በወንበሩ ሳለ ቢገለጥ ኖሮ የሾለከ ሰነድ ገበያ ባላገኘ ነበር።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የቫለሪ ፕሌም የሲአይኤ ሠራተኛነት በጋዜጣ የወጣው፣ ባለቤታቸው መንግሥት ወደ ኢራቅ ጦርነት የገባበትን ምክንያት የሚተች ጽሑፍ ባሳተሙ በቀናት ውስጥ ነበር። ሾልኮ የወጣው ከባለሥልጣናት እንደነበር ሲታወቅ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተሾሞ ምርመራው እስከ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ዘለቀ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሉዊስ ሊቢ በ2007 ጥፋተኛ የተባሉት ምሥጢሩን በማውጣት ሳይሆን ለመርማሪዎች በመዋሸትና ፍትሕን በማደናቀፍ ነው፤ የተፈረደባቸውንም የ30 ወር እስራት ፕሬዚዳንት ቡሽ ሰረዙላቸው፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ደግሞ በ2018 ሙሉ ይቅርታ አደረጉላቸው። መጨረሻው በፖለቲካ ተዘጋ ማለት ነው፤ ቢሆንም «ማን አሾለከው?» የሚለውን ጥያቄ ከላይ ላሉት ያቀረበ መርማሪ ተገኝቶ ነበር። እኛ ዘንድ ገና ጥያቄው አልተጀመረም።

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤታችሁ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ክስ ያልተመሠረተበት መዝገብ በመገናኛ ብዙኃን በታየ ቁጥር መዝገቡ በእጃቸው የነበረ መርማሪዎችና ዐቃብያነ ሕግ አለቆቻቸውም ጭምር ይጠየቁ፤ ውጤቱም የተከሳሹ ስም በተነገረበት ያህል ድምፅ ለሕዝብ ይነገር። የተያዘን ሰው በካቴና አቁሞ መቅረጽ በመመሪያ ይከልከል። የባለሥልጣን ክስ ሲቋረጥ ምክንያቱ በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይታተም፤ ክስ የማቋረጥ ሥልጣን በሕግ የተሰጣችሁ ቢሆንም ምክንያቱን ከሕዝብ እንድትደብቁ የሚያስገድድ ነገር አላየሁም። የምርመራ ጥቆማ ለመሥሪያ ቤቱ የደረሰበት ቀንም በክሱ ላይ ይጻፍ። ጥቆማው ሹሙ በወንበሩ ሳለ ደርሶ ምርመራው የተጀመረው ከወንበሩ ሲነሣ ከሆነ፣ በመካከሉ ላለፉት ዓመታት የሚጠየቀው ተከሳሹ ብቻ አይሆንም።

ከእነዚህ ውስጥ መመሪያ የሚበቃው የትኛው እንደሆነና አዋጅ የሚያስፈልገው የትኛው እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ መልሱም በግልጽ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሀዋሳ ነዋሪ የሕግ ባለሙያ