የፌስታሉን መድኃኒት አንድ ላይ የሚያይ ሰው ይመደብልን

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን መድኃኒት በየጊዜው በባለሙያ እንዲታይ ስለመጠየቅ

የተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የአክስቴ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ቢሮዎ መጥቼ እነግርዎ ነበር። በግልጽ የምጽፈው እንደሳቸው ያሉ ብዙ እናቶችና አባቶች ስላሉ ነው።

አክስቴ ልጅ የላቸውም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ እዚሁ ጎንደር አንድ መጦሪያ ገቡ። ስለ መጦሪያው ክፉ የምናገረው የለኝም። ይበላሉ፣ ልብሳቸው ይታጠባል፣ ሲያማቸው ሐኪም ዘንድ ይወሰዳሉ። የሚንከባከቧቸው ልጆች ከደመወዛቸው በላይ ይደክማሉ።

ባለፈው ሁዳዴ፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ዓይን ዓይኔን ያያሉ እንጂ አላወቁኝም። ከጎናቸው ያሉት እናት «እርጅና ነው ልጄ፣ ሰሞኑን እንዲህ ያደርጋቸዋል» አሉኝ። ነርሷ ሮጣ መጣች። ጣታቸውን ወጋ አድርጋ ስኳራቸውን ስትለካ በጣም ወርዷል። ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉና «መቼ መጣሽ ልጄ?» አሉኝ። አለቀስኩ።

ነገሩ እርጅና አልነበረም። ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ውጠዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ይጾማሉ። ኪኒኑ ምግብ ተበላም አልተበላም ስኳር ያወርዳል። የንስሐ አባታቸው «ለታመመ ሰው ተፈቅዷል» ቢሏቸውም አክስቴ አይሰሙም። እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ የሰማንያ ዓመት ሴት ጾም ከማስፈታት የመድኃኒቱን ዓይነትና ሰዓት ማስተካከል ይቀላል።

በማግስቱ ፋርማሲስት የሆነች የጎረቤቴን ልጅ ይዤ ተመለስኩ። አክስቴ ከትራሳቸው ሥር ፌስታል አወጡ። ልጅቷ ጋቢው ላይ ዘረገፈችው። ዘጠኝ ዓይነት መድኃኒት ነበር። አንድ በአንድ እያነሳች ማን እንዳዘዘው፣ መቼ እንደተጀመረ፣ ለምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀባት። ያን ያህል ጊዜ ሰጥቶ የጠየቃቸው ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ለግፊት አምሎዲፒን ተሰጣቸው። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፤ የታወቀ ጠባዩ ነው። እግራቸው ሲያብጥ ሌላ ጤና ተቋም ሄዱና ውኃውን እንዲያስወጣ ላሲክስ ተጨመረ። ላሲክስ ሌሊት ለሽንት ያስነሳቸው ጀመር። «አምስቴ እነሳለሁ፣ ግድግዳ ይዤ ነው የምሄደው፤ ለማን ልናገር?» አሉ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ደግሞ ዲክሎፌናክ ተገዛላቸው፤ እንዲያውም ሁለት ዓይነት። ስሙ ስለሚለያይ እንጂ ሁለቱም አንድ መድኃኒት ነው። ከድሮ ጀምሮ ኢናላፕሪል የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ኢናላፕሪል፣ ላሲክስና ዲክሎፌናክ አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊት ይጎዳሉ። ኩላሊት ሲደክም ግሊቤንክላሚድ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ያቺ የሁዳዴ ቀን የመጣችው በዚህ መንገድ ነው።

አንዳቸውም ሐኪም አጠፉ ለማለት አልደፍርም። እያንዳንዱ የመጣለትን ሕመም አይቷል። ፌስታሉን ሙሉ ያየ ግን የለም። ዝርዝሩን ለሐኪም ካሳየን በኋላ ዘጠኙ አምስት ሆነ። አክስቴ አሁን ሌሊት ይተኛሉ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው የቢርስ መስፈርት ለአረጋውያን አደገኛ ሊሆኑ የሚችሉ መድኃኒቶችን ይዘረዝራል። መጀመሪያ የተዘጋጀውም ለመጦሪያ ነዋሪዎች ነበር። ግሊቤንክላሚድ ዛሬ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። እዚያው አገር የመጦሪያ ነዋሪ መድኃኒት ቢያንስ በወር አንዴ በፋርማሲስት እንዲታይ ደንብ ያስገድዳል። አውስትራሊያ ውስጥ ፋርማሲስቱ መጦሪያው ድረስ ሄዶ ሲያይ መንግሥት ይከፍለዋል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይላል።

በየወሩ ይሁን አልልም፤ አቅማችንን አውቃለሁ። ግን ጎንደር ባለሙያ የሚያጣ ከተማ አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችን ፋርማሲስት ያስተምራል። ደግሞም በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር የሚያሠለጥናቸው ጤና መኮንኖችና ነርሶች ሕዝቡ ወዳለበት ወጥተው እንዲሠሩ ነበር። ከአዘዞ እስከ ማራኪ ያሉትን መጦሪያዎች ማዳረስ ለዚህ ከተማ ከባድ አይመስለኝም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሁሉንም መድኃኒት የያዘ አንድ ወረቀት ይኑር፤ ከፋርማሲ በራስ የተገዛውንም ጭምር። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አብሮ ይሂድ። በዓመት ሁለቴ ፋርማሲስትና ሐኪም መጦሪያው ድረስ ሄደው ይዩአቸው። አንዱ ጉብኝት ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ይሁን። ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ አረጋዊም ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይታይ፤ መድኃኒት በብዛት የሚቀያየረው ያኔ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ይህን አንብቦ የእናቱን መድኃኒት በራሱ የሚያስቆም ሰው እንዳይኖር። በድንገት ሲቆም የባሰ የሚጎዳ መድኃኒት አለ። ለዚህ ነው ባለሙያ የምንለምነው።

አክስቴ ዝርዝራቸውን እንዳሳይዎ ፈቅደውልኛል። ቀን ከቆረጡልኝ የድሮውንና የአሁኑን ወረቀት ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አክስቷ በመጦሪያ የሚኖሩ የጎንደር ነዋሪ