የዋሽንት ክበብ፦ 24 ተማሪ በ7 ዋሽንት

ክበባችንን «ፉጨት ቤት» የምትሉ መምህራን እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። ኅዳር ላይ እንዲያውም ፉጨት ቢሆንልን ደስ ባለን፤ አብዛኛው ልጅ የሚያወጣው ድምፅ የብስክሌት ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

ምዝገባው፣ ምርጫው፣ ወርኃዊ ስብሰባው ሁሉም ተካሂዷል። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ፣ የፈለገ መጥቶ ይይ።

ዋሽንት ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ሸምበቆ፣ ብዙውን ጊዜ 4 ቀዳዳ፣ አለቀ። ችግሩ ድምፁ የሚወጣው ትንፋሹ የዋሽንቱ አፍ ጠርዝ ላይ ሲሰነጠቅ መሆኑ ነው። ዋሽንቱ ጋደል፣ ከንፈር ጠበብ፣ ትንፋሹም ቀጭንና እኩል መሆን አለበት። ጀማሪ ግን ጉንጩን ወጥሮ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል፣ ከዚያ ራሱን ያዞረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አፍ ላይ ነፋን። ሻማ አብርተን ነበልባሉ ሳይጠፋ ጎንበስ ብሎ እንዲቆይ ነፋን። ትከሻ ሳይነሳ ሆድ እንዲነፋ እጃችንን እምብርታችን ላይ አድርገን ተነፈስን። (እውነቱን ለመናገር፣ ዋሽንቱ ለሁሉም ስለማይደርስም ነው።)

ሚያዝያ ላይ ከግቢያችን ጀርባ ያለው ተራራ ላይ ወጣን። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ አለች፤ ሐሙስ ቀርታ አታውቅም፣ ዋሽንቶቹን የምታጥበውም እሷ ናት፣ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ከነፋስ በቀር ምንም አውጥታ አታውቅም። በዚያው ሳምንት «ቲቸር፣ ልተወው እንዴ?» ብላኝ ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ ነፋሱ የሁሉንም ትንፋሽ ጠርዙ ላይ ሳይደርስ ስለወሰደው ድንጋይ ተከልለን ተቀመጥን። እሷ አቀበቱ ጨርሷታል። ለመንፋት አቅም ስላልነበራት እንዲሁ ተነፈሰችበት። ረጅም፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ ወጣ። ቆሎ የሚቆረጥሙት ሁሉ ዝም አሉ። ደስ ብሏት ጠንከር አድርጋ ስትነፋ ያው ድምፅ ቀጥኖ ወደ ላይ ዘለለ፣ ደንግጣ «ሰበርኩት?» አለችኝ። እኔ ስድስት ወር ሙሉ «ቀስ» እያልኩ ማስረዳት ያቃተኝን አቀበቱ አስረዳት።

የወላጆች ቀን ላይ ለምን አንድ በአንድ እንደነፋን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። 7ቱ ዋሽንቶች ከየቦታው የተለቃቀሙ ናቸው። ረጅሙ ወፍራም፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፣ አብረው ሲነፉ አይጣል ነው። ለኳስ በጀት መገኘቱን አልቃወምም፣ ኳስ ግን 22 ልጅ በአንድ ይጫወታል፤ አፍ ላይ የሚደረግ ዕቃ ለአራት ልጅ አንድ ሲሆን ግማሹ ሰዓት በማጠብ ያልቃል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የግቢው የውሃ መስመር ሲጠገን የተረፈ የፕላስቲክ ቱቦ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጧል። በአንድ ርዝመት ተቆርጦ በአንድ ልክ ቢበሳ ደህና ዋሽንት ይወጣዋል። የጻፍኩት ደብዳቤ ከጥር ጀምሮ መልስ እየጠበቀ ነው። ድሪል ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ለአንድ ቅዳሜ ብታውሱን ይበቃናል።

ልጅቷ ለክረምቱ አንዱን ፈርማ ወስዳለች። ስለዚህ አሁን እጃችን ላይ ያለው 6 ነው።