መጨረሻውን ባውቀውስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የጋንግስተር ፊልም መጨረሻው ከታወቀ አበቃለት የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። እኔ አልስማማም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ፊልም እናያለን። ባለፈው በፈረንጆች 1993 የወጣውን «ካርሊቶስ ዌይ» ከፈትን። ገና ከመጀመሩ የቤቱ ልጅ «ሰውዬው ይሞታል!» ብሎ አፈረጠው። እናቱ በማማሰያ ልትለው ምንም አልቀራት። ምስኪን! ፊልሙ ራሱ እኮ የሚጀምረው ዋናው ተዋናይ አል ፓቺኖ በጥይት ተመትቶ፣ በቃሬዛ ሲገፋ ነው። ዳይሬክተሩ ብራያን ዲ ፓልማ ከልጁ ቀድሞ ነግሮናል።

ታዲያ ባቡር ጣቢያው ውስጥ፣ ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ በጀርባው ተኝቶ ሲተኩስ ቤቱ ጭር አለ። ቡና የምትቀዳው ልጅ ዓይኗ ቲቪው ላይ ቀረ፤ ስኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። እንደሚሞት እያወቅን «ሩጥ! ሩጥ!» እንላለን።

ድሮም ቢሆን ያው ነው። በፈረንጆች ከ1934 ጀምሮ የሆሊውድ የሳንሱር ደንብ ሲጠብቅ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም ነበር። ተመልካቹ ትኬት ሲቆርጥ መጨረሻውን ያውቀዋል። ግን ይገባ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልችልም፦ ማን እንደከዳ ቀድሞ የሚለፈልፍ ሰው። እሱን ከሶፋው አስነሳዋለሁ። ስለዚህ እኔም እዚህ አልነግራችሁም።

አክባሪያችሁ፣
ከቱሉ ዲምቱ