የልብ መድኃኒት ዜና ሲጻፍ የሙከራው ደረጃ አስቀድሞ ይነገረን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አክስቴ የምትኖረው እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በልጅነቷ ያልታከመ ቶንሲል የልቧን ቫልቭ ጎድቶት የልብ ምቷ ከተዛባ ዓመታት አልፈዋል። የልብ ምትን የሚያረጋጋውን ዲጎክሲንና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ትወስዳለች። ባለፈው ወር አንድ ጎረቤት ከስልኩ ላይ «የልብ ምት መዛባትን የሚያስተካክል ውህድ ተገኘ» የሚል ዜና አነበበላት። በማግስቱ በዚያ ፀሐይ እስከ ከዚራ ድረስ በባጃጅ እየሄደች ፋርማሲ ለፋርማሲ ጠየቀች። የለም ሲሏት «እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ብላ የያዘችውን ተወችው።

ለእኛ አልነገረችንም። ያወቅነው በዘጠነኛው ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ነው። አንጓዋን ስይዝ ምቱ ሦስት አራቴ ይጣደፋል፣ ድርግም ይላል፣ ጠፋ ስል ደግሞ አንዴ በኃይል ይመታል። ሐኪሙን ይበልጥ ያስደነገጠው ዋርፋሪኑን ማቆሟ ነበር፤ ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላልና። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች።

ዜናውን ፈልጌ አነበብኩት። ውሸት የለበትም። ነገር ግን ውህዱ ገና ሰው ላይ እንዳልተሞከረ የተጻፈው መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው። አክስቴ ዘንድ ሲደርስ ያ አንቀጽ የለም።

በልብ ምት መድኃኒት ደግሞ መቸኮል ምን እንደሚያመጣ ታይቷል። ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉት መድኃኒቶች ሃርት አታክ ይዟቸው የተረፉ ሰዎችን የተዛባ ምት ጸጥ ያደርጉ ስለነበር ሐኪሞች ያዝዟቸው ነበር። «ካስት» የተባለው ጥናት ሲፈትሻቸው ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞቱ፤ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው 743 ሰዎች የሞቱት 26 ነበሩ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 የሁለቱ መድኃኒቶች ሙከራ እንዲቆም ተደረገ። የልብ ምትን የሚመዘግበው የኢሲጂ መሣሪያ መስመር አምሯል፣ ሰዉ ግን ሞቷል።

ስለ አዳዲስ ውህዶች አትጻፉ ማለቴ አይደለም። ለወባ የምናውቀው የኪኒን ዘመድ የሆነው ኩዊኒዲን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1918 ጀምሮ ለልብ ምት መዛባት አገልግሏል፤ ከየት ምን እንደሚገኝ አይታወቅም። የምለምናችሁ ከርዕሱ ቀጥሎ ባለው መስመር ሦስት ነገር እንድታስቀምጡልን ነው፦ የተሞከረው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ እንስሳ ላይ ነው ወይስ ሰው ላይ? ያሻሻለው ምቱን ብቻ ነው ወይስ ዕድሜንም አራዝሟል? የጀመራችሁትን መድኃኒት ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ የሚለውም ይጻፍ። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ የሚደርሳት ሰው ጮክ ብሎ የሚያነብላት የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ