ለጤና ሚኒስቴር፦ የእናት ዕጢ ሲመረመር ልጆቿም ይታሰቡ

ክቡር ሚኒስትር፣

እናቴ የማህፀን ካንሰር ሲገኝባት 47 ዓመቷ ነበር። ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ዳነች፤ ተመስገን ብለን ወደየሥራችን ተመለስን። ከ9 ዓመት በኋላ ወንድሜ በ38 ዓመቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ያዘው። የእናቴን ካርድ ያገላበጥኩት ያኔ ነው። "የቤተሰብ የጤና ታሪክ" ከሚለው ፊት ለፊት አንዲት ሰረዝ ተሰምራለች። አባቷ በአንጀት ካንሰር መሞቱን የጠየቃት አልነበረም።

የወንድሜ ዕጢ ሲመረመር አንድ ፕሮቲን ጎድሎበት ተገኘ፤ ነገሩም ሊንች ሲንድረም የተባለ፣ በዘር የሚወረስና የአንጀትና የማህፀን ካንሰርን ዕድል የሚጨምር ችግር እንደሆነ ታወቀ። በሰም ተጠብቆ የተቀመጠው የእናቴ ናሙናም ወጥቶ ታየ፤ ያው የፕሮቲን ጉድለት ተገኘበት። መልሱ 9 ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሴል ሲባዛ ዲኤንኤው ላይ የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርሙ ፕሮቲኖችን የሚሠሩ ጂኖች አሉ፤ በእኛ ቤት የተበላሸው ኤምኤስኤች2 የተባለው ነው። ከእናትም ሆነ ከአባት ሊወረስ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። እህቴን አልፏታል፤ እኔን አግኝቶኛል። ብርቅ ነገርም አይደለም፤ ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ሊንች እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኛው ግን አያውቀውም።

እኔ ስላወቅሁ በየሁለት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ቱቦ የማየት ምርመራ) አደርጋለሁ። ባለፈው ከክብሪት ራስ የማይበልጥ ፖሊፕ፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ትንሽ እብጠት፣ ተገኝቶ እዚያው ተቆርጦ ወጣ። የወንድሜም ካንሰር አንድ ሰሞን ይህን ያህል ነበር። አስፕሪንም አለ፤ ካፕ2 የተባለው ጥናት 861 የሊንች ተሸካሚዎችን ይዞ፣ በየቀኑ 600 ሚሊግራም ቢያንስ ለሁለት ዓመት የወሰዱት በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው እንደቀነሰ አሳይቷል።

የሚያስጨንቀኝ ማህፀኔ ነው። እንደ ኮሎኖስኮፒ የሚታመን የቅድሚያ ምርመራ የለውም፤ ወልዳ ለጨረሰች ሴት ማስወጣት ነው የሚመከረው። እኔ ገና አልወለድኩም። ለምርምር በጀት ሲያዝ ይህ ክፍተት እንዲታሰብ አደራ እላለሁ።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ቀላል ነገር ይሠራ። ከአንጀትም ሆነ ከማህፀን የሚወጣ የካንሰር ዕጢ ሁሉ፣ የታማሚው ዕድሜ ምንም ይሁን ምን፣ የዲኤንኤን ስህተት የሚያርሙት አራቱ ፕሮቲኖች ጎድለውበት እንደሆነ እንዲመረመር መመሪያ ይውጣ። ጉድለቱ በዘር የመጣ መሆኑ በደም ምርመራ ሲረጋገጥም፣ በታማሚው ፈቃድ እህት ወንድሞቹና ልጆቹ ተጠርተው ይነገራቸው፤ ዜናውን ለዘመድ የማዳረሱ ሸክም በታመመው ሰው ላይ ብቻ አይጣል። ወንድሜ ኬሞቴራፒ ላይ ሆኖ ለአክስቶቻችን ልጆች አንድ በአንድ ሲደውል አይቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሊንች ሲንድረም ተሸካሚ